«የውጭ ሰው ፍቅር ኪራይ አይከፍልልኝም»

የአርሊንግተኑ፦
ትናንት ማታ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ ምርጫ ዞረ። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ስንመርጥ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያየውም እናስብ አልኩ። አንዱ ወዳጃችን «የውጭ ሰው ፍቅር ኪራይ አይከፍልልኝም» ብሎ ኩም አደረገኝ። ቤቱ በሙሉ ደገፈው። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። በ2003 (በፈረንጁ ነው የምቆጥረው) አሜሪካ ወደ ኢራቅ በሰሜን ለመግባት ቱርክን መንገድ ጠየቀች። የቱርክ ሕዝብ በአደባባይ ተቃወመ። ማርች 1 ቀን ፓርላማው ድምፅ ሰጠ፤ 264 ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተገኙት ከግማሽ በላይ ስላልሞላ ውሳኔው ወደቀ። የአሜሪካ 4ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር መሣሪያ የጫኑት መርከቦች ባሕር ላይ ሲጠብቁ ከርመው ወደ ኩዌት ዞሩ። ያንን ሁሉ ወጪ ማን ከፈለ? እኔና ያ ወዳጄ።

ሹፌሩ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልመልሰውም። በቀን 12 ሰዓት መሪ ጨብጬ ነው የምውለው። ቱርኮች የጠሉት ጦርነቱን ነው። የሚወዱት ሰው ያንኑ ጦርነት ይዞ ቢመጣ መንገድ ይሰጡት ነበር? ኦባማን እይ። በጁላይ 2008 ገና ዕጩ ሳለ በርሊን ላይ ወደ 200,000 ሰው ወጣለት። ፕሬዚዳንት ሆኖ ለአፍጋኒስታን እርዳታ ሲጠይቅስ? ጀርመኖች ጥቂት ወታደር ጨመሩ እንጂ ሰሜኑን ይዘው ቀሩ። ወደ ደቡቡ ውጊያ አልወረዱም። ጭብጨባው ምን ጠቀመን?

ነርሷ፦
የውጭ ሰው ማለት በርሊን ብቻ ነው እንዴ? አውሮፓ ፕሬዚዳንት ቡሽን በኢራቅ ጦርነት ሲያወግዝ እኔ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ እሠራ ነበር። በ2003 ፔፕፋር የሚባለውን የአሜሪካ የኤድስ እርዳታ ፕሮግራም አቋቋመ፤ ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር። ከዚያ በፊት የኤድስ ሕመምተኛ ሲመጣ መድኃኒቱን መግዛት ካልቻለ አጽናንተን ነበር የምንሸኘው። በኋላ መድኃኒቱ በነፃ መጣ። በቃሬዛ የገባች እናት በወሯ በእግሯ ስትመጣ አይቻለሁ። እነዚያ ሰዎች ቡሽን ይመርቁታል። ስለዚህ የአርሊንግተኑ፣ «ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያየው» ስትል የትኛውን ዓለም እንደሆነ ንገረኝ።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ይህ ክርክር በ2004ም ነበር። ከቡሽ ጋር የተወዳደረው ዲሞክራቱ ኬሪ «የውጭ መሪዎች እንዳሸንፍ ይፈልጋሉ» አለ። እነማን ናቸው ሲሉት ስም አልጠራም። ሪፐብሊካኖች እስከ ምርጫው አልለቀቁትም። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ አንባቢዎቹን ኦሃዮ ውስጥ ላሉ የክላርክ ካውንቲ መራጮች ስለ ምርጫው ደብዳቤ እንዲጽፉ ጠራ። ያቺን ካውንቲ በ2000 የዲሞክራቶቹ ዕጩ ጎር በ324 ድምፅ አሸንፎባት ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ ሰው ተቆጣ። በ2004 ቡሽ ወሰዳት። ደብዳቤው ብቻ ነው ያደረገው አልልም። ግን ጎረቤት በትዳሬ ሲገባብኝ እኔም እቆጣለሁ።

የአርሊንግተኑ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። እነሱ ይምረጡልን አላልኩም። እኛ ስንመርጥ እናስብበት ነው ያልኩት። እህቴ ነርሷ፣ ያነሳሽው ደግሞ የእኔን ሐሳብ ያጠነክራል። ያ መድኃኒት ወዳጅ አፍርቷል።

ነርሷ፦
አፍርቷል። ግን መድኃኒቱ የመጣው ቡሽ ስለተወደደ አይደለም። የተወደደው መድኃኒቱ ስለመጣ ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛባብኝ።

የሸገር ልጅ፦
እኔ አገር ቤት ነኝ፣ ድምፅ የለኝም። ግን በ2003 ኢትዮጵያ ኢራቅን ለመውረር በተባበሩት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ሕዝቡን ማን ጠየቀው? የመንግሥት ፍቅርና የሕዝብ ፍቅር ለየብቻ ናቸው። በኦክቶበር 2020 ደግሞ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው ሲናገሩ እዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ነበር የሰማው። እናንተ የምትመርጡት ሰው አፍ እኛ ቤት ድረስ ይደርሳል። ኪራይ ኪራይ ስትሉ ያማል።

ሹፌሩ፦
ወንድሜ፣ የአገሬ ነገር እኔንም ያመኛል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ሲመረጥ እድሜ ልኬን ዲሞክራት የመረጥኩ ሰው ሪፐብሊካኑን መረጥኩ። ባይደን በኢትዮጵያ ላይ የያዘው አቋም ስላቃጠለኝ ነው። ስንቶቻችን እንዲያ አደረግን!

የአርሊንግተኑ፦
ይኸው! የቨርጂኒያ ገዥ የውጭ ጉዳይ አይነካም። ያን ቀን ኪራይህን የሚነካ ነገር ምርጫ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ አንተ ግን ባሕር ማዶ ላሉት ብለህ መረጥክ። ታዲያ ለእኔ ሲሆን ለምን ኪራይ ትጠቅስብኛለህ?

ሹፌሩ፦
ያ የእኔ የዜጋው ንዴት ነው። አገር ቤት ያለው ሰው ባይደንን ወደደ ጠላ ብዬ አልጠየቅኩም።

የአርሊንግተኑ፦
እናትህ በስልክ ያለቀሱትን አልሰማህም? ራስህ ነህ የነገርከኝ።

ሹፌሩ፦
እናቴን እዚህ አታምጣ። ለቅሶ ቤት የነገርኩህን አደባባይ ታወጣለህ?

ነርሷ፦
እውነቱን ነው፣ እናቱን ተዋቸው። «ስንቶቻችን» የምትለውንም ግን አልቀበልም። እኔና ባለቤቴ በዚያ ምርጫ ተጣልተን ሁለት ወር ጠረጴዛ ላይ ፖለቲካ አልተነሳም። እኔ አልቀየርኩም። እኛ እያልክ ስለ እኔ አትናገር።

የሸገር ልጅ፦
የተቀየረውም ያልተቀየረውም፣ ጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ ዕቃዋን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ ወጣች። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ልጆች ነበሩ፣ ሐዋሳ። ደመወዛቸው ኪራያቸው ነበር።

ሹፌሩ፦
እኮ! ለዚያ ነው የተቆጣሁት። ለእነሱ።

የአርሊንግተኑ፦
እኔም ትናንት ማታ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ሹፌሩ፦
አይደለም። አንተ ያልከው ስለ ጭብጨባ ነው። ጡረተኛው፣ እርስዎ ይፍረዱን።

ጡረተኛው፦
እኔ ከክላርክ ካውንቲ ሰዎች ጋር ነኝ፣ ነግሬያችኋለሁ።