ተርኪን በፈላ ዘይት ስለ መጥበስ እና የጾመኛ እናቴን ማዕድ ስለ ማዘጋጀት ምክራችሁን እጠይቃለሁ

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካ የምስጋና ቀን) በዓል ኖቬምበር 27 ቀን 2025 ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዕለቱ 20 የሚሆኑ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች በቤታችን ይሰበሰባሉ። እስካሁን ለበዓሉ የሚቀርበውን ከዶሮ የሚተልቅ ወፍ፣ ተርኪውን፣ በኦቭን እያበሰልን ስናቀርብ የደረቱ ሥጋ ስለሚደርቅ፣ እንግዶቻችን ለአክብሮት ያህል ቀምሰው ወደ ዶሮ ወጡ ይሻገሩ ነበር። አምና ግን አንድ ጎረቤታችን ሙሉውን ተርኪ በፈላ ዘይት ጠብሶ አቀረበልን፤ ቆዳው ተንኮሻኩሾ ሥጋው እንደ ረጠበ ስላገኘሁት፣ ዘንድሮ እኔም እንደዚያው ለማድረግ ቆርጫለሁ። ጎረቤቴ 30 ኳርት የሚይዘውን ድስትና የፕሮፔን ምድጃውን ሊያውሰኝ ፈቅዷል።

የቸገሩኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የገዛሁት ተርኪ በረዶ ሆኖ የተሸጠ ባለ 18 ፓውንድ ነው፤ ለዚህ ድስት ይሆናል? ለመጥበሻ ያሰብኩት ቦታ ከቤታችን ኋላ ያለው የእንጨት በረንዳ ነው፤ ያስኬዳል? በርበሬና ቅመማችንስ በምን መንገድ ይግባለት? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሦስት ወር በፊት ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ ናቸው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ በበዓሉ ዕለት እናቴ በጾም ላይ ይሆናሉ፤ በልጃቸው ቤት፣ በተሰበሰበ ሰው መካከል፣ ባዶ ሳህን ይዘው እንዲቀመጡ አልፈልግም።

መልስ፦ ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ

ወንድሜ፣ እንኳን አስቀድመው ጠየቁ። በምግብ ቤት ወጥ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህ አጠባበስ ከሉዊዚያና ተነሥቶ በደቡቡ ክፍል የተለመደ ስለሆነ በየዓመቱ እጠብሳለሁ። በመጀመሪያ ስለ መጠኑ ልናገር፦ ለዘይት የሚመረጠው 12 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ተርኪ ነው። ባለ 18 ፓውንዱ በዚህ ድስት ውስጥ ዘይቱን እስከ አፍ ድረስ ይገፋዋል፤ ደግሞም ውስጡ እስኪበስል ውጪው ያርራል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው በረዶው ነው፣ እኔም ብዙ ቃል የማባክነው በዚህ ላይ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ውጪው የለሰለሰ ውስጡ ግን በረዶ የያዘ ተርኪ ወደ ዘይቱ ሲያወርድ በአጠገቡ ቆሜ ነበር። ዘይቱ ወዲያው አረፋ ደፍቆ በድስቱ ከንፈር ላይ ፈሰሰ፤ ከሥር ያለው ነበልባል ያዘውና እሳቱ ከሰው ቁመት በላይ ወጣ። ሰው ያልተጎዳው እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ በዘይት ውስጥ የተያዘው እንፋሎት ደግሞ መውጫ የሚያገኘው ዘይቱን ይዞ ነው። ስለዚህ ተርኪውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ለየ4 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ሰጥተው ያቅልጡት፤ ባለ 12 ፓውንዱ 3 ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። እሑድ ማለዳ ከበረዶ ቤት ካወጡት ረቡዕ ማለዳ ይደርስልዎታል። ጊዜ ካጠረዎት ከነመጠቅለያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አድርገው በየ30 ደቂቃው ውኃውን እየቀየሩ፣ ለየፓውንዱ 30 ደቂቃ ይቁጠሩ። በሆዱና በአንገቱ በኩል የሚሸጎጠውን የሆድ ዕቃ ከረጢት፣ እንዲሁም የፕላስቲክ ማሰሪያና መብሰሉን የሚያመለክት ፕላስቲክ ካለበት ሁሉንም ያውጡ። ሆዱ ውስጥ ምንም ነገር አይሞላም።

የዘይቱን ልክ የሚያገኙት በውኃ ነው። ተርኪውን ከነመጠቅለያው ባዶው ድስት ውስጥ ያስቀምጡና ሁለት ጣት ያህል እስኪሸፍነው ውኃ ይጨምሩ፤ ተርኪውን አውጥተው ውኃው የቀረበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ዘይቱ ከዚያ ምልክት ማለፍ የለበትም። ከዚያ በኋላ ድስቱን አጥበው ጠብታ እስከማይቀርበት ድረስ ያድርቁት። ዘይቱ 350 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 175 ገደማ ሲደርስ ምድጃውን ያጥፉ፤ ተርኪውን በመንጠቆው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ወስደው ያውርዱና ዘይቱ ከተረጋጋ በኋላ እሳቱን መልሰው ያቀጣጥሉ። ለየፓውንዱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ባለ 12 ፓውንድ ከ50 ደቂቃ በታች ይደርሳል። ሰዓቱ ግን ግምት ነው፤ ፈራጁ ቴርሞሜትር ነው። የደረቱ ወፍራም ክፍልና የታፋው ውስጠኛ ሥጋ፣ አጥንት ሳይነካ ሲለካ፣ 165 ዲግሪ ፋራናይት መድረስ አለባቸው። ካወጡት በኋላ 20 ደቂቃ ሳይቆርጡ ያሳርፉት።

ዘይቱን ስለ መምረጥም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የኦቾሎኒ ዘይት የሚወስደው ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ ከ20 እንግዶች መካከል ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ወይም ሕፃን ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም አስቀድመው ይጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ የካኖላ ዘይት ይበቃል።

መልስ፦ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

በእሳት አደጋ መከላከል ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደ መሆኔ የእንጨት በረንዳውን ነገር በግልጽ ልናገር፦ በፍጹም አያድርጉት። ጋራዥ ውስጥም፣ ጣራ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሥርም አይሆንም። ድስቱ የሚቀመጠው ደልዳላ በሆነ ሲሚንቶ ወይም መሬት ላይ፣ ከቤቱ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ ነው። በዚህ አገር የቤት ውስጥ የማብሰያ እሳት ከዓመቱ ቀናት ሁሉ በብዛት የሚነሣው በዚሁ በምስጋናው ቀን ነው፤ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበርም በዘይት የሚሠራ የተርኪ መጥበሻን ሰዎች በቤታቸው እንዲጠቀሙበት አይመክርም። እርስዎ ለማድረግ ከወሰኑ ግን እነዚህን አደራ እላለሁ። ዘይቱን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ትተውት አይሂዱ፤ ጭስ ማውጣት ከጀመረ ወዲያው ያጥፉ። ዝናብ ወይም በረዶ ከጣለ ጥብሱን ይተዉት። የዘይት እሳት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ለዘይት እሳት የሚሆን ማጥፊያ በእጅዎ ቅርብ ይሁን።

ስለ ልብስም ማለት ያለብኝ አለ። በበዓል ቀን ነጠላ ጣል ማድረግና ሰፊ የሀበሻ ቀሚስ መልበስ ልማዳችን ነው፤ የነጠላው ጥለት ወደ ነበልባሉ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። በድስቱ ዙሪያ የሚቆመው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሁን፤ ረጅም እጅጌ፣ ሽፍን ጫማና ሙቀት የሚችል ጓንት ይልበስ። ልጆች ጨርሶ አይቅረቡ፤ ዘይቱ ጥብሱ ካለቀ በኋላም ለብዙ ሰዓት የሚያቃጥል ሆኖ ይቆያል።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ስለ ቅመሙ የጠየቁትን ልመልስ፤ ነገር ግን ከቅመሙ በፊት የሚቀድም አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን እናቶቻችን ዶሮን በሎሚና በጨው አሽተው፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመው ሲያጥቡ እያየን አድገናል። ዶሮዋ ግን 12 ብልት ሆና ስለምትታጠብና ኋላም ከቁሌቱ ጋር ስለምትበስል በላይዋ የቀረው ውኃ ጉዳት የለውም። ተርኪው ሙሉ ሆኖ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ በሆዱ ጎድጓዳ፣ በክንፉ ሥርና በቆዳው እጥፋት የሚደበቀው ውኃ ነው የሂዩስተኑ ወንድማችን የተናገሩትን አደጋ የሚያመጣው። እናትዎ ሳይታጠብ አይሆንም ቢሉ አይከራከሯቸው፤ ረቡዕ ጧት በሎሚና በጨው ያጥቡት፣ ማጠቢያውንም ገንዳ ኋላ በደንብ ያጽዱ፣ ከዚያም ውስጥና ውጪውን በወረቀት ፎጣ አድርቀው፣ ሳይሸፍኑ፣ ከሌሎች ምግቦች በታች፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። የማቀዝቀዣው ደረቅ አየር ቆዳውን ያደርቀዋል፤ መንኮሻኮሹም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በርበሬን ከላይ አይቀቡት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ድልህ ቀብቼ አስገባሁና በርበሬው በዘይቱ ውስጥ አርሮ ሥጋውን መራራ፣ ዘይቱን ጥቁር አደረገብኝ። አሁን የማደርገው ሌላ ነው፦ ንጥር ቅቤ አቅልጬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቂት ኮረሪማ ካፈላሁበት በኋላ በጥሩ ጨርቅ አጠለዋለሁ፤ ካልተጠለለ የመርፌው ቀዳዳ ይደፈናል። ለብ እንዳለ በትልቁ የምግብ መርፌ ደረቱን በ4 ቦታ፣ ታፋዎቹን በሁለት በሁለት ቦታ እወጋለሁ። ንጥር ቅቤ ስናነጥረው ውኃውን ስለጨረሰ ለዚህ ሥራ ከተራው ቅቤ ይሻላል። የተርኪውን መለያ ወረቀትም ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አስቀድሞ የጨው ውኃ የገባላቸው ስለሆኑ ጨው መጨመር አያስፈልጋቸውም። በርበሬው በአዋዜ መልክ፣ ሚጥሚጣውም በጎን ይቅረብ።

መልስ፦ ከሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ

በዲቁና የማገለግል ወንድማችሁ ነኝ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ በየቤታችን ይነሣል፤ ምክንያቱም በዓሉ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ ማለትም ከ22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ በ24 ወይም በ25 ይገባል። ዘንድሮም ሆነ በሚቀጥለው ዓመት በጾም ውስጥ ነው፤ በ2027 በዓሉ የጾሙ መጀመሪያ ቀን ላይ ይውላል፣ በ2028 ግን ኖቬምበር 23 ስለሆነ በቅበላው ቀን ይገጥማል።

ለእናትዎ የሚሆነውን በአንድ ሳህን ጎን ላይ አይወስኑት። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ፎሶልያና የሱፍ ፍትፍት በራሱ መሶብ ቀርቦ፣ ከተርኪው ጋር እኩል በማዕዱ መካከል ይቀመጥ። በዚህ አገር ለበዓሉ የሚቀርቡት ስኳር ድንችና ዱባም ቅቤና ወተት ካልገባባቸው የጾም ናቸው። የምስር ሳምቡሳ የሚጠብሱ ከሆነ ተርኪው ከመግባቱ በፊት፣ በሌላ ድስትና በአዲስ ዘይት ይጠበስ፤ ሥጋ የገባበት ዘይት ለጾመኛ አይሆንም፣ ማማሰያና ጭልፋውም ይለይ። እናትዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ማዕዱን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሁሉም አብሮ ይቆርሳል፣ ጸሎቱንም እናትዎ ያድርሱ። አሜሪካውያን ባልደረቦችዎ ለምን ሥጋ እንደማይበሉ ቢጠይቋቸው በአጭሩ ይተርጉሙላቸው፤ በምስጋና ቀን ስለ ጾም መስማት ለእንግዳ ደስ የሚል ነገር ነው።

መልስ፦ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ከተጋባዦችዎ መካከል ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ ሐላል ተርኪ ከሐላል ሥጋ ቤት አስቀድሞ በማዘዝ ይገኛል፤ እኛ ሁለት ሳምንት ቀድመን እናዛለን። ትንንሾቹ ቀድመው ስለሚያልቁ ባለ 12 ፓውንድ የሚፈልጉ ከሆነ አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ 12 ፓውንድ ሌላ ተርኪ አዝዣለሁ፤ ምድጃውንም ወደ መኪና መግቢያው ሲሚንቶ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጌ አወጣዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ትልቁን ተርኪ ምን ላድርገው? ከጥብሱ በኋላ የሚተርፈውን ከ3 ጋሎን በላይ ዘይትስ?

መልስ፦ ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ

ትልቁ በረዶ እንደ ሆነ ይቆይ፤ ጾሙ ሲፈታ ለገና በኦቭን ያበስሉታል፣ ወይም አቅልጠው እንደ ዶሮ በየብልቱ ከፍለው በቁሌት ይሠሩታል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ካስፈለገም በማግስቱ፣ በጨርቅ አጥለው በመጣበት ዕቃ ይመልሱት፤ ካልጠቆረና ሽታው ካልተለወጠ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ሆኖ ለሌላ ጥብስ ያገለግላል። ወደ ማጠቢያው ቧንቧ ግን አይድፉት። የተረፈው ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥም ያልቃል። ማግስቱ ዓርብ ስለሆነና ጾመኞች ስላሉባችሁ፣ ለማይጾሙት እንግዶች ማታውኑ በየዕቃው አድርገው ቢሰጧቸው ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ (ከበዓሉ በኋላ)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልሆነልኝም። ተርኪው በ44 ደቂቃ ደረሰ፤ ደረቱ ሲለካ 168 ነበር፣ ሲቆረጥም ውኃው ከቢላዋው ሥር ወረደ። እናቴ ረቡዕ ጧት በሎሚ አጠቡት፣ እኔም ሦስት ጊዜ አደረቅሁት፤ ወደ ዘይቱ ሲወርድ ከመንጫጫት በቀር አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ማዕዱ በ10 ሰዓት ተቆረሰ። የጾሙ መሶብ ከተርኪው ጎን ስለ ነበር ባልደረቦቼ ከሁለቱም እየጠቀለሉ በሉ፤ ከሁሉ በፊት ያለቀው የእናቴ የሱፍ ፍትፍት ሆነ። ዲያቆን ወንድማችን የነገሩንን የ2028 ቀን ለእናቴ ስነግራቸው፣ «እንግዲያውስ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የቅበላ ዕለት እኔም እቀምሰዋለሁ፤ እስከዚያ ግን በርበሬውን ከውስጥ የምታገባበትን መንገድ ፈልግ» ብለውኛል። የአሌክሳንድሪያዋ እህታችን፣ ለዚህ የሚሆን ሐሳብ ካለዎት እባክዎን ይጻፉልኝ።