«ቀጣሪው ነው የሚከፍለው፣ ሠራተኛውን አይነካም» ላላችሁን

የሐረጎ ልጅ፦
ሰሞኑን እዚሁ ግሩፓችን ላይ አንድ ወንድማችን የጻፈውን አይታችኋል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለሠራተኞቹ መኪና ማቆሚያ ያለው መሥሪያ ቤትና ድርጅት ሁሉ በቦታው ቁጥር ልክ በየዓመቱ ለከተማው ይክፈል ነው የሚለው። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የምትባል ከተማ እንዲህ አድርጋ ትራም ሠራችበት ይላል። እስከዚህ ሐሳብ ነው፣ ማንም ያምጣው። ያንገበገበኝ መጨረሻ ላይ የጣላት ነገር ናት፦ «ቀጣሪው ነው የሚከፍለው፣ ሠራተኛውን አይነካም»። እኔ ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ። አንዲት አሮጌ መኪና አራት ሆነን፣ ቤንዚን እያዋጣን በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርደን እንወጣለን። ሰርቪሱን «ወጪ በዛ» ብሎ ያስቀረብን ቀጣሪ ነገ ይህን ክፍያ ከኪሱ አውጥቶ ዝም ይላል? ማን ነው እንዲህ ያለ ቀጣሪ ያየ?

ቧንቧ ውሃ፦
ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንድ መስመር መዞ ከመናደድ ሙሉውን ማንበብ ይሻላል። ኖቲንግሃም ላይ የሚከፍለው 11 እና ከዚያ በላይ ማቆሚያ ያለው ቀጣሪ ብቻ ነው። 10 እና ከዚያ በታች ያለው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ጣቢያ አይነካም። ሊገበያይ የመጣ ደንበኛ አይቆጠርም። እንደ ፈረንጆች በ2012 ሲጀመር ለአንድ ቦታ በዓመት 288 ፓውንድ ነበር፣ ዛሬ ከ500 አልፏል። ገንዘቡ ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል በሕግ ታስሯል። በ2015 ሁለት አዲስ የትራም መስመር ተከፈተበት። ይህን ሁሉ ትተህ አንዲት ሐረግ ላይ ቆምክ።

የሐረጎ ልጅ፦
የቆምኩባት ሐረግ እኔን ስለምትመለከት ነው። 11 ቦታ ያለው ይከፍላል ካልክ የኛ ፋብሪካ ከዚያ በላይ አለው። እና «አይነካም» ያልከውን አልመለስክም።

የሰኞ ገበያዋ፦
ልጆቼ፣ እኔ መኪና የለኝም፣ ስለዚህ ስለ እግረኛ ልናገር። ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው ጠዋት ጠዋት ሲሚንቶ የሞላበት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ጣሳ አውጥቶ መንገዱ ዳር ይደረድራል። መሐሉ ላይ ብረት ተክለውበታል። ለኃላፊው መኪና ነው። ሰኞ ሰኞ እህልና ቅቤ የተሸከሙ እናቶች እዚያ ሲደርሱ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፣ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋባቸዋል፣ ጥበቃው ደግሞ «እለፉ እለፉ» ይላል። ይህን መሬት ማን ሰጣቸው? ክፈሉ ሲባሉ ለምንድን ነው የሚያማችሁ?

አዝዋ ሰፈር፦
እትዬ እውነትዎን ነው፣ ያን ጣሳ እኔም አውቀዋለሁ። ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። እሱ መንገድ ላይ የተያዘ ቦታ ነው፣ ያ መጀመሪያውኑ ሕገ ወጥ ስለሆነ መነሣት አለበት። ኖቲንግሃም የሚያስከፍለው በገዛ ግቢው ውስጥ ለሚቆመው ነው። ግቢው ሲያስከፍል ደግሞ መኪናው ሁሉ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል። ያኔ የሰኞ ገበያ እናቶች የት ሊሄዱ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦
አሁንስ የት ነው የሚሄዱት ልጄ?

ደርቢ የከተመ፦
ሰላም ወገኖቼ። እኔ ደርቢ ነው የምኖረው፣ ኖቲንግሃም ቅርባችን ነው፣ እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህች «አይነካም» የማውቀውን ልናገር። ሕጉ ክፍያውን የሚጠይቀው ቀጣሪውን ነው፣ ይህ እውነት ነው። ቀጣሪው ግን ወደ ሠራተኛው እንዳያዞረው የሚከለክል ነገር የለም። አንዳንዱ ራሱ ይሸከመዋል፣ አንዳንዱ በየወሩ ከደመወዝ ይቆርጣል። ጓደኛዬ ይቆረጥበታል። ነገር ግን በሩ ላይ ትራም አለለት፣ ከሰለቸው መኪናውን ቤቱ ትቶ ይሳፈራል።

የሐረጎ ልጅ፦
ይኸው! ከአገሩ ሰው ሰማችሁ። ይቆረጥበታል። እኔ ሲቆረጥብኝ የምሳፈረው ትራም የት አለ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ እንኳ እስካሁን አንድ ሠራተኛ ሥራው ላይ አላደረሰልንም።

ቧንቧ ውሃ፦
ትራሙ እኮ በዚሁ ገንዘብ ነው የተሠራው! ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። መጀመሪያ ከፈሉ፣ ከዚያ አገኙ።

መምህሩ፦
ልጄ ቧንቧ ውሃ፣ ቅደም ተከተሉንስ ያፋለስከው አንተ ነህ። የኖቲንግሃም የመጀመሪያው ትራም ሥራ የጀመረው በ2004 ነው። ክፍያው የመጣው ከ8 ዓመት በኋላ። ሕዝቡ ክፈል ሲባል ትራሙን በዓይኑ አይቶት፣ ተሳፍሮበት ነበር። የተጨመሩት ሁለት መስመሮች ቢሆኑ በዚህ ክፍያ ብቻ አልቆሙም፣ የማዕከላዊው መንግሥት ትልቅ ገንዘብ አለበት። ለከተሞች ይህን ሥልጣን የሰጠው ሕግ የወጣው በ2000 ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ደፍራ የሠራችበት ከተማ ኖቲንግሃም ብቻ ናት። ጎረቤቷ ሌስተር አስባ አስባ በ2022 ተወችው። ስኮትላንድ በ2019 በሕግ ፈቀደች፣ ከተሞቿ ግን ሲያመነቱ ነው የኖሩት። ይህን ሳትነግረን ነው «ኖቲንግሃም» የምትለን።

ቧንቧ ውሃ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ የ2004ቱ ልክ ነው። ግን አንድ መስመር ነበር፣ ከተማውን አያዳርስም። ክፍያው በዓመት 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያስገባል፣ ይህን ትንሽ አያድርጉብኝ። እንግሊዝ ብቻም አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ከ1992 ጀምሮ፣ ፐርዝ ከ1999 ጀምሮ ለማቆሚያ ያስከፍላሉ። ፐርዝ መሐል ከተማ ላይ አውቶቡሱ በነጻ ነው የሚጫነው፣ ከዚሁ ገንዘብ። ኖቲንግሃም ላይ ሲጀመርም ነጋዴዎቹ «ድርጅት ከከተማ ይሸሻል» ብለው ነበር። ኖቲንግሃም ባዶዋን ቀረች?

በርበሬ ወንዝ፦
እኔ ግራ የገባኝ ኮምቦልቻ ከዚህ ጋር ምን አላት? ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መሐል ተጣብቃ መሬት ጠቧት ይሆናል። እኛ ሜዳ ላይ ነን። የኢንዱስትሪ ፓርኩም ፋብሪካውም ግቢው ሰፊ ነው፣ የምንቸገረው በመኪና ብዛት ሳይሆን በመጓጓዣ እጦት ነው። የደሴን ጥበት በኛ ላይ አታወራርዱ።

አዝዋ ሰፈር፦
ጠዋት ጠዋት ፋብሪካችሁን የሚሞላው ግማሹ ከደሴ የሚወርድ ሰው ነው። ስትቀጥሩት የናንተ፣ መኪናው ሲቆም የኛ ችግር?

በርበሬ ወንዝ፦
ታዲያ እዚያ ሥራ ይከፈትለትና አይውረድ! ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትሠራ ደሴ ስም ታወጣለች።

የሰኞ ገበያዋ፦
ልጆች፣ ወሎ ለወሎ ምን ያጣላችኋል? ወደ ነገሩ ተመለሱ።

ፈረቃ ሦስት፦
እኔ ልመልሳችሁ። ሴት ነኝ፣ ማታ ፈረቃ ነው የምወጣው። መኪና ያለው ባልደረባ ካልተሳካልኝ መናኸሪያው አካባቢ ቆሜ ዶልፊን እጠብቃለሁ። ረዳቱ «ደሴ አንድ ሰው!» ይላል። ሲከፈት አንዱ ሰውማ በርጩማ ላይ ነው፣ በሩን ተደግፎ። ከመሸ በኋላ ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፣ ረዳቱ ያለህን ይልሃል። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ የሚያየው መንገድ የለም፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። እኔ የምለው ክፍያውን አልቃወምም። ድርጅቱ ግቢውን ለ20 መኪና አስፋልት አድርጎ አንጥፏል፣ ለ300 ሠራተኛ ሰርቪስ ግን የለውም። የዚያ አስፋልት ገንዘብ ሰርቪስ ይሁንልኝ። መኪና ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እኛ መኪና የሌለንም ሠራተኞች ነን። «ሠራተኛውን ይነካል» ስትሉ እኛን ቆጥራችሁናል?

የሐረጎ ልጅ፦
እህቴ፣ አንችን ነው እኮ በመኪናችን የምንጭነው። ማቆሚያው ሲወደድ መኪናዋ ትቆማለች፣ አንችም መናኸሪያው ላይ ትቀሪያለሽ።

ፈረቃ ሦስት፦
ሲመቻችሁ ነው የምትጭኑኝ ወንድሜ። ሰርቪስ ከሆነ በየቀኑ ነው።

ጎሚስታው፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ደሴ ላይ ትልቁ ግቢና ትልቁ የመኪና ክምር የማን ነው? ኮድ 4 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ከተማው ራሱን ሊያስከፍል ነው? ወይስ ክፍያው ለግል ድርጅት ብቻ ሊሆን ነው?

ደርቢ የከተመ፦
ኖቲንግሃም ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱም እንደ ቀጣሪ ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲውም ይከፍላል፣ መኪና ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሳይቀር ይቆጠራል።

ጎሚስታው፦
እዚህ ሲከፍል ሳይ አምናለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦
ይኸው፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣችሁ። መንግሥት መሥሪያ ቤትም ይክፈል፣ ገንዘቡ ለብቻው ሒሳብ ይከፈትለት፣ በየዓመቱ በግልጽ ይነገረን። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

መምህሩ፦
አውቶቡሱን አስቀድም። አሥር አውቶቡስ ደሴና ኮምቦልቻ መሐል በሰዓቱ ሲመላለስ አሳየኝና እኔ ራሴ ክፍያውን ደግፌ ፊርማ አሰባስባለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦
አውቶቡሱ የሚገዛው በምን ነው መምህር? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

የሐረጎ ልጅ፦
እሱን ከመጠየቅህ በፊት የኔን መልስ። «ሠራተኛውን አይነካም» ያልከውን ከጽሑፍህ ታወጣለህ ወይስ አታወጣም?

ቧንቧ ውሃ፦
አላወጣም። «ቀጣሪው ከደመወዝ እንዳይቆርጥ ደንቡ ይከልክል» የሚል እጨምርበታለሁ።

የሐረጎ ልጅ፦
ደመወዝ ጭማሪ ሲያስቀርብኝስ የትኛው ደንብ ነው የሚከለክለው?

በርበሬ ወንዝ፦
ኮምቦልቻን ግን ከዝርዝሩ አውጡ።