«ጠፈር» ጣሪያ ነው ወይስ ባዶ ቦታ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወዳጆች። አንዲት ቃል እረፍት ነስታኛለች። ኦሪት ዘፍጥረት «በውኃዎች መካከል ጠፈር ይሁን» ሲል ጠፈር ጠንካራ ነገር ይመስላል። ውኃን ከውኃ ይለያላ! «ጠፈርተኛ» ስንል ግን ባዶ ቦታ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ነው የሚታየን። አንድ ቃል እንዴት ጠንካራም ባዶም ይሆናል? «ጠፍሮ አሰረው» ከሚለው ጋርስ ዝምድና አለው?

መልስ፦
በግእዝ ጠፈር የቤት ጣሪያም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርጉም ጣሪያ ነው። በቃ።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ግን ነገሩ የሚጥመው ከዚያ በኋላ ነው። ዕብራይስጡ «ራቂዓ» ይላል፤ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ነገር ማለት ነው። ግሪኩ «ስቴሬዮማ» አለው፤ ጽኑ፣ ጠጣር። የእኛዎቹ ደግሞ ጣሪያን መረጡ። ሦስቱም ሰማይን በእጅ የሚዳሰስ አካል አድርገው ነው የሳሉት።

እኅቴ፣ ስለ «ጠፍሮ አሰረ» የጠየቅሽው ለእኔም ቅርብ ነው። ጠፍር አልጋ የሚወጠርበት ቆዳ ነው። ጣሪያም ድሮ የሚሠራው እንጨት ከእንጨት እየተማገረና እየታሰረ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር ያላቸው ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ ጣሪያ መቼ ፈረሰ? ብዙ ሰው የከዋክብት ተመራማሪው ኮፐርኒከስ ነው ያፈረሰው ይላል። አይደለም። ኮፐርኒከስ በ1543 እ.ኤ.አ. ፀሐይን መሀል አስቀመጠ፣ ምድርን አዞራት፤ ፕላኔቶቹን የሚሸከሙትን ክብ ሰማያት ግን አልነካቸውም። እነዚያ ሰማያት ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ እንደ መስታወት ጥርት ያሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ተደርገው ይታሰቡ ነበር።

ጣሪያውን የቀደደው ጅራታም ኮከብ ነው። በ1577 አንድ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ታየ። ያኔ ጅራታም ኮከብ ከጨረቃ በታች፣ አየሩ ውስጥ የሚነድ ጭስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዴንማርካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ ርቀቱን ለማወቅ ተነሣ። ዘዴው ቀላል ነው። ጣትሽን ከፊትሽ አቁሚና አንዴ በግራ ዓይን፣ አንዴ በቀኝ ዓይን ብቻ እዪው። ጣትሽ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል። ቅርብ ከሆነ ብዙ ይዘላል፣ ሩቅ ከሆነ ጥቂት። ቲኮ ዴንማርክ ውስጥ ከሚኖርባት ደሴት ያየውን፣ ሌሎች ከፕራግ ካዩት ጋር አስተያየ። ጨረቃ ብትሆን መዝለሏ በደንብ ይታይ ነበር። ጅራታሙ ኮከብ ግን እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ከጨረቃ እጅግ ይርቃል ማለት ነው። እንግዲህ ጠጣር ሰማያት ካሉ ይህ ነገር እየሰነጠቃቸው ነው የሚያልፈው? ቲኮ ጠጣር ሰማይ የለም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ያን ሁሉ ያየው ያለ መነጽር መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። የሩቅ መመልከቻ መነጽር ገና አልተሠራም ነበር።

ሰማያቱ ከሌሉ ግን ፕላኔቶቹ ምን ይዟቸው ነው የማይወድቁት? ኒውተን በ1687 ስበት ብሎ እስኪመልስ ድረስ ጥያቄው አፍጥጦ ቆየ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ታዲያ ጠፈርን ትተን «ህዋ» ብቻ እንበል?

መልስ፦
ኧረ እንዳትተዪው። ጠፈር ጣሪያነቱ ቀርቶ ስሙ ተረፈ። «ፀሐይ ጠለቀች» እያልን ምድር እንደምትዞር እናውቅ የለ?

ሌላ ጥንድ ልጨምርልሽ። ፈለክ በዓረብኛም አለ፤ የሰማይ አካል የሚዞርበት ክብ ማለት ነው። ምህዋር ግን ከግእዙ «ሖረ»፣ ሄደ፣ የወጣ ነው፤ መሄጃ እንደማለት። ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኬፕለር የቲኮን ልኬቶች ይዞ ማርስን ክብ መንገድ ላይ ለማስኬድ ብዙ ደከመ። በስሌቱና በልኬቱ መካከል ያለው የ8 ደቂቃ ልዩነት እምቢ አለው። እዚህ ላይ ደቂቃ የሰዓት አይደለም፣ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ነው። ኬፕለር ልኬቱን አመነና ክቡን ጣለ። በ1609 ማርስ የሞላላ መንገድ አላት ብሎ አሳተመ። የሚሽከረከር ክብ ከሌለ የሚቀረው መንገዱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ሳተላይት ፈለኩ ላይ ሳይሆን ምህዋሩ ላይ ገባ የምንለው። ፈለክም «ሥነ ፈለክ» ውስጥ ቦታው አልጠፋበትም።