ነገ ክፍል የለኝም፤ የከተማውን ሥዕል ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ለትምህርት ውጭ አገር ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኛል። እስካሁን ከዶርምና ከቤተ መጻሕፍት ሌላ የማውቀው የለም። የነገ ክፍል ድንገት ተሰረዘ። ቀኑን ሥዕል እያየሁ ባሳልፈው ደስ ይለኛል፤ ግን ምንም አላቀድኩም፣ ገንዘቤም ትንሽ ነው። ጋለሪ በመስታወቱ አያለሁ። ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሳይ ፈርቼ አልፋለሁ። የማይገዛ ሰው መግባት ይችላል?

መልስ፦ ሰዓሊዋ

ግቢ እህቴ፣ ምንም አትፍሪ። የግል ጋለሪ የሚተዳደረው ሥዕል በመሸጥ ስለሆነ ለመግቢያ አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም። ሰላም ብለሽ ገብተሽ እይ፤ ማንም ግዢ አይልሽም። የዋጋ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ በወረቀት ይቀመጣል። ከሥዕሉ አጠገብ ትንሽ ቀይ ነጥብ ከተለጠፈች ተሽጧል ማለት ነው። ስትወጪ የተቀመጠውን ሰው "በዚህ ሰፈር ሌላ ምን ልይ?" ብለሽ ጠይቂው። የቀኑ ፕሮግራምሽ ከዚያ ይወጣል።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

ነገ ሰኞ መሆኑን ልብ በዪ! ሰኞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው፣ ጋለሪም እንዲሁ። ሳታረጋግጪ ሩቅ አትሂጂ። እኔ ብሆን ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እጀምራለሁ። ኮሪደሩ ላይ የተማሪዎች ሥራ አይጠፋም። ማስታወቂያ ሰሌዳውን ደግሞ በደንብ አንብቢው፤ የሳምንቱ የሥዕል ኤግዚቢሽን መክፈቻዎች እዚያ ይለጠፋሉ። የግድግዳ ሥዕል ያለበት ሰፈር ካለም ሰኞ ማክሰኞ አይልም።

መልስ፦ መንገደኛው

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ዝናብ ነው። አውቶቡስ አመለጠኝና ለመጠለል በሩ ገርበብ ያለ ክፍል ገባሁ። ለካ ለዓርብ መክፈቻ ሥዕል እየሰቀሉ ነው። መሰላል ላይ የቆመው ሰው ማን ነህ እንኳ ሳይል "ተስተካክሏል ወይስ ዘሟል?" አለኝ። "በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሏል" አልኩት። በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ሥዕሉ የራሱ ነበር። ሰማዩን ሦስት ጊዜ ደራርቦ እንደቀባው ነገረኝ። ጠጋ ብዬ በጎን ሳየው፣ ከሥር የቀረው ቀይ ቀለም በሸራው ጠርዝ ብቅ ብሏል። ፎቶ ላይ ቢሆን በፍጹም አላየውም ነበር። ስወጣ "ዓርብ ና" አለኝ፤ ሄድኩ። ብዙ መክፈቻ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሰዓሊውም እዚያው ይገኛል። ወሬ ካጠረሽ "የቱን ነው መጀመሪያ የሠራኸው?" በዪው፤ ከዚያ በኋላ እሱ ያወራል።

ተማሪዋ

ሰኞ መሆኑን ጭራሽ አላሰብኩም! ፎቶ ማንሳትና ደብተሬ ላይ መንደፍስ ይቻላል?

ሰዓሊዋ

ፎቶ ጠይቀሽ አንሺ፣ ፍላሹን አጥፊ። ለንድፍ እርሳስ ያዢ፤ ብዙ ሙዚየም እስክሪብቶና ቀለም አይፈቅድም። ቦርሳሽን ከጀርባሽ አውርደሽ በፊት ለፊት ያዢው፤ ዞር ስትዪ ሥራ እንዳይነካ። የተማሪ መታወቂያሽንም አትርሺ፣ ቅናሽ ያስገኝልሻል። ደግሞ ሦስት ቦታ ይበቃሻል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ይደክማል።

ተማሪዋ

እሺ፣ እርሳሴን ቀርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ጠዋት ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እጀምራለሁ። ማታ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ።