«በሁለት ቢላዋ በላ» ሲባል ለቲቶ ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ስለ ዩጎዝላቪያው ፕሬዚዳንት ቲቶ ሲያጫውቱን «ሰውዬው በሁለት ቢላዋ በልቶ አገሩን አቆመ» አሉ። ከአነጋገራቸው አድንቀውታል። እኔ ግን በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሲባል የማውቀው አስመሳይ ሰው ነው። ለመሪ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል እንዴ?

ዘዲማ፦
አይለወጥም፣ ነቀፋ ነው። ለቲቶም በልኩ የተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከሶቪየቱ መሪ ከስታሊን ጋር ተጣልቶ ከኮሚንፎርም፣ ማለትም ከኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር፣ ተባረረ። በ1951 ከአሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታ ለመቀበል ተፈራረመ። በ1955 ደግሞ የስታሊን ተተኪ ክሩሽቼቭ ለዕርቅ ወደ ዩጎዝላቪያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ድረስ ሲመጣ ተቀበለው። ከዚህም ቆረጠ፣ ከዚያም ቆረጠ። ቃሉም «ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው ማንም የለም» ይላል።

የሸዋ ልጅ፦
ወንድሜ ዘዲማ፣ ጥቅሱን ያለቦታው አመጣኸው። ማቴዎስ 6 ስለሚገዛ ሰው ነው የሚናገረው። ቲቶ ለማን ተገዛ? በ1968 ሶቪየት ቼኮዝሎቫኪያን ስትወር በአደባባይ አወገዘ። በ1979 ሃቫና ላይ፣ በ87 ዓመቱ፣ የኩባው መሪ ካስትሮ የገለልተኛ አገሮችን ንቅናቄ ወደ ሞስኮ ሊያስጠጋ ሲሞክር ተሟገተው። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ይደበቃል። ለአንዱ ሌላውን እያማ ነው የሚበላው። በግልጽ የተደረገ ነገር በዚህ ፈሊጥ አይጠራም።

መሪጌታ ዘሰሜን፦
ልጆቼ፣ የቲቶን መንገድ ከወደዳችሁት ዳዊት ቃል አለው። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን፣ ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን፣ ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሳልቃን።» በክፉዎች ምክር አልሄደም፣ በኃጢአተኞች መንገድ አልቆመም፣ በዋዘኞች ወንበር አልተቀመጠም። ከሁለቱም ጎራ አለመሰለፍ ማለት ይኸው ነው።

ዘዲማ፦
መሪጌታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። «ዘኢነበረ» ግን ለቲቶ አይሆንም። ከሁለቱም ጋር ተቀምጧል! እ.ኤ.አ. በመስከረም 1961 ቤልግሬድ ላይ 25 ገለልተኛ አገሮች ሲሰበሰቡ፣ ጃንሆይም ባሉበት፣ ሶቪየት በዚያው ሰሞን የኑክሌር ሙከራ ቀጠለች። ቲቶ አላወገዘም። የአሜሪካው አምባሳደር ጆርጅ ኬናን በዚህ ክፉኛ ነው ያዘኑበት።

መሪጌታ ዘሰሜን፦
«ነበረ»ን በአማርኛ ጆሮ እየሰማኸው ነው። ግእዙ ተቀመጠ ማለት ቢሆንም መንበር የወጣው ከእሱ ነው። ወንበር ይዞ፣ ባለቤት ሆኖ መቀመጥን ነው ዳዊት የሚለው። እንግዳ ለቡና ጎራ ቢል «ነበረ» አይባልም።

ዘዲማ፦
ይባላል እንጂ! ጌታ ከመንገድ ደክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ዐረፍ ሲል ግእዙ «ነበረ» ነው የሚለው። እዚያ ወንበር አልነበረም፣ ባለቤትነትም የለም። ዐርፎ ነው የሄደው።

መሪጌታ ዘሰሜን፦
ዐርፎ ሄደ ትላለህ? ሳምራዊቷን ሊጠብቅ ነው የተቀመጠው፣ ሁለት ቀንም እዚያው አገር ቆየ። አንተ ፊደል ሳትለይ እኔ ዳዊት እደግም ነበር።

የሸዋ ልጅ፦
መሪጌታ ይፍቱን። ለማንኛውም ቲቶ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ መጥቷል። የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 ሐውልት ቅርጾች የሠሩትም የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፣ አውጉስቲንቺች እና ክርሺኒች። በፋሺስት የተጨፈጨፈ ሕዝብን ሐዘን በፋሺስት የተወረረ አገር ልጆች ቀረጹት። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይህን ሰው በሁለት ቢላዋ በላ ለማለት አፌ አይደፍርም።

የአራዳ ልጅ፦
ይቅርታ፣ ዋናውን ቃል ማንም አልነካውም። ቢላ ከየት መጣ? እኔ የምለው ከግእዙ «በልዐ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዐ» በአማርኛ ስትወድቅ በላ ሆነ፣ የሚበላበትም ቢላ ተባለ። ስለዚህ «በሁለት ቢላዋ በላ» አንድ ሥር ሁለት ጊዜ የተደገመበት አነጋገር ነው። ስድብም ሙገሳም አይደለም፣ መብል ነው!

ዘዲማ፦
የመሣሪያ ስም በ«መ» ይጀምራል። መጥረቢያ፣ መቁረጫ፣ መርፌም ሳይቀር። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የያዘው በግእዙ መጥባሕት ነው፣ ከጠብሐ፣ ማለትም ከአረደ። ቢላ ከበልዐ ቢሆን «መ»ው የት ገባ?

የአራዳ ልጅ፦
ጭልፋ ከጨለፈ ነው። «መ» አለው?

ዘዲማ፦
የለውም፣ እሺ። ግን ጭልፋ ይጨልፋል። ቢላ መቼ ይበላል? ይቆርጣል እንጂ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ውድ ወንድሞቼ፣ መምህሩ አድንቀው ነው ወይስ ነቅፈው ነው የተናገሩት?

መሪጌታ ዘሰሜን፦
ኢሳይያስ 1፣ 20ን ተመልከቱ። «እንቢ ብትሉ ግን ብታምፁም ሰይፍ ይበላችኋል።» ስለት ይበላል። የአራዳው ልጅ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ዘዲማ፦
ሰይፍ ይበላል፣ ተቀበልኩ። ቢላዋ ላይ ያለችው «ዋ»ስ ከየት መጣች?

የአራዳ ልጅ፦
ለ«ዋ»ም መልስ አለኝ። ማታ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።