ኤሊዎቹ ዘንድሮ ወዴት ናቸው? ከአምስቱ አንድም አልቀረም

አዲስ ገቢ (ላንግሊ ፓርክ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጠይቀው ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ መንጃ ፈቃድ አይደለም። የምሠራው ፓርኪንግ ጋራዥ ነው። መስከረም ከጠባ ጀምሮ አብረውኝ የሚሠሩት፣ አበሻውም ፈረንጁም፣ ወሬያቸው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባስኬትቦል ብቻ ሆኗል። «ሁሉም ሄዱ እኮ፣ አንድ እንኳ አልቀረም» እያሉ ይብሰለሰላሉ። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ ሀዘን ብርቄ አይደለም። ግን የተማሪ ቡድን ሰውን እንዲህ እንደሚያንገበግብ አላውቅም ነበር። ምን ተፈጥሮ ነው? ዘንድሮስ፣ በ2025-26፣ ተስፋ አላቸው? ወሬው ውስጥ መግባት ፈልጌ ነው። ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅ ሰለቸኝ።

ሌሊት ሺፍት

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ቡና ያዝ፣ ረጅም ነው።

እዚህ ሀገር የኮሌጅ ባስኬትቦል የልጆች ጨዋታ እንዳይመስልህ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው አዳራሽ ወደ 18 ሺህ ሰው ይይዛል፤ የሞላ ቀን ደግሞ የጎንህን ሰው ድምፅ አትሰማም። የቡድኑ ምልክት ኤሊ ነው። ሀገሬው «ተርፕስ» ይላቸዋል፣ እኛ ኤሊዎቹ እንላለን።

በ2024-25 ሲዝን አምስት ቋሚ ተሰላፊዎች ነበሩን። ዴሪክ ኩዊን፣ የባልቲሞር ልጅ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፣ ኳስ ሲያነጥር ግን እንደ አጭር ተጫዋች ይቀላጠፋል። ጁሊያን ሪስ፣ እሱም ባልቲሞር፣ የዝነኛዋ የሴቶች ባስኬትቦል ተጫዋች የአንጀል ሪስ ወንድም። ሮድኒ ራይስ፣ እዚሁ አጠገባችን ክሊንተን ያደገ። ጃኮቢ ጊለስፒ ከቴነሲ። ሴልተን ሚጌል ደግሞ ከአንጎላ፣ ከሉዋንዳ። «ክራብ ፋይቭ» ተባሉ፣ የሜሪላንድ ሸርጣን ስመ ጥር ስለሆነ። ሸርጣን በአፋችን ዞሮ የማያውቅ ሰዎች ሸርጣን የተሳለበት ቲሸርት ለብሰን ስንዞር ከረምን።

27 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። ቁጥሩ ግን አይነግርህም። ከዘጠኙ ሽንፈቶች ስምንቱ ለጥቂት ያመለጡ ናቸው፤ በስድስት ነጥብና ከዚያ በታች። ሚሺጋን ስቴት እዚሁ ሜዳችን ላይ 58 ለ 55 ያሸነፈን ሰዓቱ ሲያልቅ ከሜዳው መሃል በተወረወረ ኳስ ነው። ከመሃል ሜዳ! ከዚያ በቢግ ቴን፣ ማለት በሊጋችን፣ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሚሺጋን 81 ለ 80፣ ሰከንድ እንኳ ሳይቀር። ያን ሌሊት ሥራ ገብቼ ለማንም ሰላም አላልኩም።

አሁን ወደ ማርች ማድነስ፣ ወደ ኮሌጆቹ የሀገር አቀፍ ዋንጫ ውድድር፣ እንምጣ። በ2025 68 ቡድን ገባ፣ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። መልስ ጨዋታ የለም። በሁለተኛው ዙር ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ሲያትል ላይ ተገናኙ። ቀኑ የደብረ ዘይት እሁድ ነበር፣ መጋቢት 14። ወሩ ረመዳንም ስለነበር ጎረቤቴ አፍጥሮ መጣ፣ ለኛ ለጾመኞቹ የምስር ሳምቡሳ ለይቶ ይዞ። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ኮሎራዶ ስቴቶች ሦስት ነጥብ አስቆጥረው 71 ለ 70 መሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አሰልጣኙ ሰዓት አስቆሙና ኳሷን ማን እንደሚፈልግ ጠየቁ። ኩዊን «ለኔ ስጡኝ» አለ፣ እዚህ የማይጻፍ ቃል ጨምሮበት። 3.6 ሰከንድ ነው የቀረው። ኳሷን ተቀበለ፣ በግራ በኩል ነዳ፣ እየወደቀ ወረወረ፣ ሰሌዳውን መትታ ገባች። 72 ለ 71። ሽሮው አረረ፤ ማንም አልተቆጣም። ከጨዋታው በኋላ በራስ መተማመኑ ከየት እንደመጣ ጋዜጠኛ ቢጠይቀው የባልቲሞር ልጅ ስለሆነ ነው አለና አረፈው።

ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፍሎሪዳ 87 ለ 71 አሰናበቱን። ከስምንቱ ሽንፈቶች በተቃራኒ ይሄኛው የሚያንገበግብ አልነበረም፤ በልጠውናል። ፍሎሪዳም በኋላ ዋንጫውን ወሰደ።

አሰልጣኙ ኬቨን ዊላርድ በተሸነፍን በሦስተኛው ቀን ወደ ቪላኖቫ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲያችን የስፖርት ኃላፊ ቀድመዋቸው ቴክሳስ ያለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ኩዊን ወደ ኤንቢኤ፣ በ13ኛ ምርጫ ኒው ኦርሊንስ። ሪስና ሚጌል ጊዜያቸውን ጨረሱ። ጊለስፒ ቴነሲ፣ ራይስ ሎስ አንጀለስ ዩኤስሲ። ቤቱ ባዶ ሆነ። ጓደኞችህ የሚብሰለሰሉት ለዚህ ነው።

የተማሪ እናት (ጀርመንታውን)

ልጄ እዚያው ነው የሚማረው፣ የዚያን ሰሞን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ደውዬ «ምነው ድምፅህ፣ ታመምክ?» ብለው «እማ፣ ጊለስፒ ሄደ» አለኝ። የአክስቱ ልጅ የሄደ ነው የመሰለኝ።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም። አንድ ዓመት ተጫውቶ፣ ስሙን በየቲሸርቱ አስጽፎ፣ ሰው በቃሉ አጥንቶት፣ በማግስቱ ሌላ ማሊያ። በልቶ መካድ ነው። ድሮ ተማሪ አራት ዓመት ነበር የሚቆየው ይላሉ።

ሌሊት ሺፍት

እህቴ፣ አይቆጡኝና እኛ ስንት ሥራ ቀይረናል? እኔ ራሴ በሰዓት ሁለት ዶላር ጭማሪ ብዬ አምስት ዓመት የሠራሁበትን ትቼ ወጥቻለሁ። አለቃዬ ኬክ ቆርጦ ሸኘኝ እንጂ በልቶ ካጅ አላለኝም። ጊለስፒ የቴነሲ ልጅ ነው፣ ወደ ሀገሩ ነው የተመለሰ። ራይስም እኛ ጋ የመጣው ከቨርጂኒያ ቴክ ነበር። ሲመጣ አጨብጭበን ሲሄድ መርገም የለብንም።

ሪስን ደግሞ አይርሱ። አራቱንም ዓመት ሜሪላንድ ቆየ፤ አሰልጣኝ ሲቀየርም አልሄደም። በኔ ግምት ከኩዊንም በላይ ሐውልት የሚገባው እሱ ነው።

ጋሽ ኮል

ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን የገንዘቡን ነገር ሳታነሱት አለፋችሁ።

እኔ ይህን ቡድን የማየው አሮጌው አዳራሽ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ፣ ሳለ ጀምሮ ነው፤ ቅጽል ስሜም ከዚያ ነው። በ2002 በአሰልጣኝ ጋሪ ዊልያምስ ዘመን ኢንዲያናን 64 ለ 52 አሸንፈን ዋንጫ ስናነሳ ኮሌጅ ፓርክ ታክሲ እነዳ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። የባልቲሞሩ ሁዋን ዲክሰን፣ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ አራት ዓመት ተጫውቶ ዋንጫ አነሳ። ያን ጊዜ ለተጫዋቹ የሚከፈለው ትምህርት፣ ምግብና ማደሪያ ነው። ሚሊዮኑ የአሰልጣኙ ነበር። ስለ ታማኝነት ስታወሩ ይህንንም አስቡ።

ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ልጆቹ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። እዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት ቁጭ የማለቱ ግዴታ ላላ፤ በ2024 ጭራሽ የፈለጉትን ያህል መቀየር ቻሉ። በሰኔ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለ2025-26 እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲከፍል ፈቀደ። ከዚያ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ያለበት ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ለፉትቦል ይሰጣል። ቪላኖቫ በእኛ ደረጃ የሚጫወት ትልቅ ፉትቦል ስለሌለው ገንዘቡን ወደ ባስኬት ማዞር ይችላል። ዊላርድ ለምን ሄደ ለምትሉ፣ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ነግሮናል። ለልጆቹ የገና በዓል ሲደርስ ኒውዮርክ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ላሳድር ብል ውድ ነው ተባልኩ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። እኔ ንግግሩን እንደሰማሁ ሻንጣው ተዘጋጅቷል አልኩ።

የአሌክሳንድሪያው

ጆርጅታውን እያለ ኤሊ መደገፍ ምን የሚሉት ነው። 1984፣ ፓትሪክ ዩዊንግ፣ ዋንጫ። በቃ።

ጋሽ ኮል

አርባ ዓመት አለፈው እኮ ልጄ። ዩዊንግ ተመልሶ አሰልጥኗችሁ እንኳ አልሆነም።

ኤፍ ዋን

ስለ ገንዘብ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔም የተማሪ ቪዛ ላይ ስለሆንኩ። በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ ተጫዋች እንደ አሜሪካዊው ጓደኛው ማስታወቂያ እየሠራ ገንዘብ መሰብሰብ አይችልም፤ እንደ ሥራ ይቆጠርበታል። እኛ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ እንደተፈቀደልን ማለት ነው። የኬንታኪው ኮንጓዊ ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ለጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ ማስታወቂያዎቹን እዚያ ሠራ፤ ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ። በዚያ ዓመት የሀገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነበር እንግዲህ። ሁለት ሜትር ሰው፣ ችግሩ የኛው ችግር።

ስለዚህ ልጃችሁ ጎበዝ ተጫዋች ከሆነና ግሪን ካርዱ ገና በሂደት ላይ ከሆነ፣ ማንም «ፈርምና ገንዘብ ውሰድ» ቢለው ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይሂድ። የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር። ስፖርት ክፍሉ ስለ ቪዛ ሁሉንም ያውቃል ብሎ ማመን አደገኛ ነው።

የተማሪ እናት

እሺ ይሁን፣ ተረታሁ ልበል። ዘንድሮስ?

ሌሊት ሺፍት

ዘንድሮ አሰልጣኙ በዝ ዊልያምስ ናቸው፣ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም። በፊትም ማርኬትንና ቨርጂኒያ ቴክን አሰልጥነዋል። ሁለቱንም ከምርጥ አስራ ስድስቱ አድርሰዋል፤ ቴክሳስ ላይ ግን ከሁለተኛው ዙር አልፈው አያውቁም። ሰውየው ላብ በላብ ሆነው ነው የሚያሠለጥኑት፣ ሸሚዛቸው ከዕረፍት በፊት ይርሳል። ቡድናቸው የሚታወቀው በጉልበት ነው። የሳቱትን ኳስ ራሳቸው መልሰው በመያዝ ከሀገሪቱ ቀዳሚዎች ነበሩ። ውበት ካማረህ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ከሳቸው ጋር ፋሬል ፔይንና ሰለሞን ዋሽንግተን ከቴክሳስ መጡ። ፔይን ቅርጫቱ ሥር ተራራ ነው፤ በኔ ግምት ዘንድሮ የቡድኑ ምሰሶ እሱ ይሆናል። ከኢንዲያና ማይልስ ራይስ መጣ። ይህ ልጅ ዋሽንግተን ስቴት ሳለ በካንሰር ታሞ፣ ድኖ፣ ተመልሶ የተጫወተ ነው። ዲጊ ኮይት ከካንሳስ፤ አጭር ነው፣ ሦስት ነጥብ ግን አይፈራም። ከአዲሶቹ ተማሪዎች ዳሪየስ አዳምስ አለ፣ ትልቅ ስም ይዞ የመጣ።

ስጋቴ ምን መሰለህ። አምናም አብዛኞቹ አዲሶች ነበሩ፤ ግን ኩዊንና ሪስ ነበሩ። አንዱ ችግር ሲመጣ ኳሷን የሚጠይቅ፣ ሌላው ቤቱን የሚያውቅ። ዘንድሮ ሁለቱም የሉም። ሁሉም አዲስ፣ አሰልጣኙም አዲስ፣ አለቃውም አዲስ። ፔይን ቢጎዳ ደግሞ ከኋላው ማን አለ? ቢግ ቴን ውስጥ ፐርዲው፣ ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኢሊኖይ አሉ። ምሕረት የለም። ማርች ማድነስ ከገቡ እደሰታለሁ፤ አይገቡም ብዬ ግን እፈራለሁ።

ጋሽ ኮል

እኔ ካንተ የባሰ ነኝ። ዘንድሮ ይከብደናል፣ አትሸወዱ። ከግማሽ በታች ብንጨርስ አልደነግጥም። በዝ ግን ሁለት ዓመት ከተሰጠው ቡድን ይሠራል። ችግሩ ዛሬ ማን ሁለት ዓመት ይሰጣል? ልጆቹ እንኳ ሁለት ዓመት አይቆዩም።

አዲስ ገቢ (ላንግሊ ፓርክ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ነገ ሥራ ስገባ ስለ ፔይን ጉልበት አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ። አንድ ጨዋታ በአካል ማየት ብፈልግ ብዙ ያስወጣል? መኪና የለኝም።

የተማሪ እናት

የኖቬምበሮቹን እይ የኔ ልጅ። ከትንንሽ ኮሌጆች ጋር ሲሆን ትኬቱ ይረክሳል፣ እንደ ሚሺጋን ያለ ትልቅ ቡድን ሲመጣ ግን ኪስህን ይጎዳል። ልጄ እንደሚለው ተማሪ በነጻ ነው የሚገባው፤ አንተም ኮሌጅ የመማር ሀሳብ ካለህ ዝም ብለህ አትቆይ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓመት መኖርህን የሚያሳይ ወረቀት፣ የኪራይ ውልህንና የታክስህን፣ ከአሁኑ አስቀምጥ። ለነዋሪ የሚከፈለውና ለውጭ ሰው የሚከፈለው የትየለሌ ነው።

ሌሊት ሺፍት

ለመሄዱ የሜትሮው አረንጓዴ መስመር ኮሌጅ ፓርክ ያወርድሃል፣ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን አውቶቡስ ጠብቀህ አትንገላታ። ማክሰኞና ሐሙስ እረፍት ነኝ፣ በእነዚያ ቀናት ከሆነ በኔ መኪና እንሄዳለን። ቀይ ልበስ። የአርሴናሉም ይሆናል።