አስቸኳይ! ከጅቡቲ የመጣች ድብልብል አረንጓዴ ነገር፤ ምንድን ናት?

ሚሚ ዘቃሊቲ፦ ወገን ድረሱልኝ፣ ደላላው 11 ሰዓት ላይ ይመጣል። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ያገኛት ነገር አለች። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ላይዋ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ደላላው «ያልተጠረበ ኤመራልድ ነው፣ 60 ሺህ ያወጣል» አለኝ። ትንሽ ላብለጭልጫት ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍጋት በአንድ ወገን ጭጋጉ ለቀቀ፣ ጫርኳት! እንዴት ልመልሰው?

የጀሞው፦ ቃሊቲ ደግሞ ባሕር ከየት መጣ? የአቃቂ ወንዝ የጠረገው የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ነው።

ሚሚ ዘቃሊቲ፦ ጅቡቲ አልኩ እኮ! አንብቡ እንጂ።

ማዕድን ወዳድ፦ ኤመራልድ በአገራችን ጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ ይወጣል። ክሪስታሉ ስድስት ጎን ነው፤ እንደ ኳስ ድብልብል ሆኖ አይወጣም። ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ ከ7.5 እስከ 8 ነው፣ የብርጭቆ ግን 5.5 ገደማ። በወረቀቱ ከተጫረች ብርጭቆ ናት፣ አለቀ።

ቀጭኔ፦ አላለቀም። ወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው ብናኝ ኤመራልድንም ይጭራል። ይልቅ በማጉያ መነጽር እያት። ውስጧ ክብ የአየር አረፋ ካለ ብርጭቆ ናት።

ባለሱቁ፦ የብር መፈተሻ መብራት አብሪባት። ደማቅ አረንጓዴ ከበራች ዩራኒየም የገባበት የድሮ ብርጭቆ ነው።

ፍልቅልቅ፦ ኧረ ብይ ናት! ጉድጓድ ቆፍሪና ከደላላው ጋር ተጫወቱ።

የፑኔ ምሩቅ፦ ሳቁ፣ ግን ልክ ነው። ህንድ ስማር «ጎሊ ሶዳ» የሚባል ለስላሳ ነበር። ጠርሙሱ ክዳን የለውም፤ አንገቱ ውስጥ ብይ አለ። ጋዙ ብዩን ወደ ላይ ገፍቶ ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል። ለመጠጣት በጣትህ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ፣ ጧ! ይላል። ጠርሙሱን ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው በ1870ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) የፈጠረው። ልጆች ብዩን ለመውሰድ ጠርሙሱን ይሰብሩት ነበር። ሚሚ፣ ቀለሟ ወጥ ከሆነና ውስጧ የተጠማዘዘ መስመር ከሌለ የእሱ ብይ ትመስለኛለች። ጭጋጉን አሸዋና ጨዋማ ውሃ በብዙ ዓመት የሠሩት ስለሆነ አይመለስም። ዘይት ብትቀቢያት ጭረቱን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። የባሕር ብርጭቆ (ባሕር ያሸው ብርጭቆ) ሰብሳቢዎች የሚወዱት ደግሞ ያንኑ ጭጋግ ነው። በቃ፣ ወረቀቱን ጣይው!

ኑሮ ነው፦ የብር መፈተሻ መብራት ሞክሪ።

ባለሱቁ፦ እኔ ያልኩትን!

የጀሞው፦ ብይ ከሆነች ደላላው ምን አስሮጠው? እሺ፣ ገንዘብ ጠይቆሻል?

ሚሚ ዘቃሊቲ፦ ለላቦራቶሪ ማስመርመሪያ 3 ሺህ ቀድሜ እንድሰጠው ነው። ይሄ ያለ ነገር መስሎኝ አልጻፍኩትም።

የጀሞው፦ በይ በሩን ዝጊ!

ቀጭኔ፦ ሚሚ፣ አረፋ አየሽ?

ሚሚ ዘቃሊቲ፦ ሦስት አሉ። አንዱ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

ፍልቅልቅ፦ ሚሚ?

የፑኔ ምሩቅ፦ እንዳትሰጪው! ከሸጥሻትም ለኔ ሽጪልኝ፣ 200 ብር።

ኑሮ ነው፦ እኔም ወሊሶ መንገድ ላይ ያነሳሁት ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለኝ። እዚሁ ልጠይቅ?

ማዕድን ወዳድ፦ ባልጩት ነው። ለብቻው ጠይቅ።